የገለበጥኩት ምልክት

በውሻችን ላይ ያስፈረድኩባት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንድ ቃል። ቃሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር። ክፋቱ እውነት መሆኑ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ የትም የማያደርስ ሆኖብኝ፣ ጂንካ እናቴ ቤት እንደታሰረ ጥጃ የምንቆራጠጥበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት “ምላጭ” ነበር የሚሉኝ። ያየሁትን ሳልናገር ማደር አልችልም። መምህር ሲሳሳት “ተሳስተዋል” እላለሁ፤ ጎረቤት የላከችው ዳቦ ካረረ “አሯል” ብዬ ነው የማመሰግነው። እናቴ “ይህ አፍሽ አንድ ቀን ቤት ያፈርሳል” ስትለኝ “የሚፈርስ ቤት ከሆነ ይፍረስ” ብዬ መልሼላት አውቃለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቤቱ ውስጥ እናቴና እኔ ነበርን፤ ከጠርጥሪ ጋር ሦስት። ጠርጥሪ ውሻችን ናት። ታላቅ ወንድሜ እንድርያስ ዓይኗ ሳይገለጥ ከወንዝ ዳር አንስቶ አምጥቷት፣ ጨርቅ በወተት እየነከረ አጥብቶ ያሳደጋት ነች። ስሙንም ያወጣላት እሱ ነው። እንድርያስ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ደብዳቤ ደረሰን። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

እብጠቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ቁንጫ ስለቅምላት። ከኋለኛው ጡቷ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር እጄ ላይ ተንከባለለች። “እማዬ፣ ውሻሽ እንቁላል ልትጥል ነው” ብዬ ቀለድኩ። እናቴ አልሳቀችም። መጥታ በጣቷ ዳሰሰቻት፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደ ጓሮ ሄደች። ባቄላዋ በበጋው የዶሮ እንቁላል አከለች፤ ዝናቡ ሲገባ ጡጫ አክላ ፈነዳች።

የፈነዳ ነገር ያስታመመ ያውቀዋል፤ ያላስታመመውን በወረቀት ላስረዳው አልችልም። ጠዋትና ማታ በሞቀ ጨው ውኃ አጥባታለሁ፤ ጨርቁን እቀይራለሁ፤ የተነሣውን ጨርቅ አቃጥላለሁ። ዝንብ ስለማያስቀምጣት አጠገቧ ተቀምጬ በቅጠል እከላከልላታለሁ። ሽታው ከልብሴ አይለቅም። የገረመኝ ግን እናቴ ነበረች። ውሻ ደጃፍ እንዳያልፍ በመጥረጊያ ታባርር የነበረች ሴት፣ ጠርጥሪን ከመደቡ ሥር አስተኛቻት። ደህናውን ነጠላዋን ቀድዳ ፋሻ አደረገችላት። የበቆሎ ገንፎ ስንሠራ የመጀመሪያው ጭልፋ ለጠርጥሪ ሆነ። በየማለዳው ደግሞ ገና ፊቷን ሳትታጠብ ትጠይቀኛለች፦

“ቀነሰ?”

“አልቀነሰም፤ ጨምሯል” እላለሁ። ምላጭ አይደለሁ።

እኔ ርኅራኄ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠርጥሪን በገመድ ይዤ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄድኩ። ከቤታችን አውሮፕላን ማረፊያውን ማቋረጥ ነው፤ ከተማው መሐል ያለ ሣር ስለሆነ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላም ይግጥበታል፣ ሰው ይመላለስበታል። ሌላ ጊዜ አምስት ደቂቃ የማይፈጀው መንገድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። አሥር እርምጃ ትሄድና ትቀመጣለች፤ ታየኛለች፤ ደግሞ ትነሣለች።

የእንስሳት ጤና ረዳቱ አቶ ሎምባሞ ይባላል። ከከምባታ በሥራ ተመድቦ የመጣ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ጨርቁን ገልጦ አየ፤ በጭኗ ውስጠኛ በኩል ዳበሰ፤ ጆሮውን ደረቷ ላይ አስደግፎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ።

“ነቀርሳ ነው” አለ።

“ይድናል?”

“አይድንም። ወደ ውስጥ ገብቷል።” እጁን ታጠበ። “ማጠቡን አትተዪ። መብላት ያቆመች ቀን ንገሪኝ፤ በመርፌ አሳርፋታለሁ። ሰኞ ግን ካኮ ገበያ ነኝ፤ የከብት ክትባት አለ።”

ሲያየኝ አልቅሳለሁ ብሎ የፈራ ይመስል ነበር። አላለቀስኩም። እንዲያውም ስሙን ማወቄ ቀለል አደረገኝ። ስም የሌለው ነገር ነበር የሚያስጨንቀኝ።

ስመለስ ቦኖው ጋ የውኃ ሰልፍ ነበር። ሴቶቹ ከሽታው የተነሣ አፍንጫቸውን ያዙ። አንዷ “ምን ሆና ነው ይቺ ውሻ፣ ሞታ የምትሄድ ነው የምትመስለው” አለች፤ ሳቁ። እኔም ተናድጄ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ “ነቀርሳ ይዟታል” አልኩ።

ሳቁ ተቋረጠ። መንገድም ከፈቱልኝ። አዝነው መሰለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ከእኛ ቤት ሁለት ቤት አልፎ ያለ ሸማኔ ደም እያሳለው ሞቶ ነበር። የእሱንም በሽታ “ነቀርሳ” ነበር ያሉት፤ የሳንባ ነቀርሳ። ምንጣፉ ተቃጠለ፣ የጠጣበት ጣሳ ተቀበረ፣ ሚስቱን ለሳምንታት ማንም እጅ አልነሣትም። ለሰፈራችን ነቀርሳ ማለት አንድ ነገር ነው፦ በትንፋሽ የሚሻገር ሞት። አማርኛ ለሁለት በሽታ አንድ ስም መስጠቱን እኔም ልብ አላልኩትም ነበር። ግማሹ ሰፈር አማርኛን እንደ እኛ ቤት ከአሪኛው በኋላ የተማረ ነው፤ ቃሉን እንደሰማ ነው የሚይዘው።

እሑድ ጸሎት በእኛ ቤት ነበር። ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ በተራ በየቤቱ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገን ነበር የምንሰበሰበው። እናቴ ቤቱን ጠርጋ፣ አግዳሚውን ደርድራ ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሰዓት ሆነ። አንድ ሰው አልመጣም። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ሁለት እህቶች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በነጠላ ሸፍነው ደርሰው፣ ቆመው ተነጋግረው ተመለሱ። ለእናቴ ነገርኳት። “አየኋቸው” አለች፤ ከአግዳሚው ግን አልተነሣችም።

በር የተንኳኳው ወደ ቀትር ነው። የቀበሌው ጥበቃ ነበር፣ ጠመንጃውን አንግቦ። ደጃፉን እንኳ አልረገጠም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የተናገረው። የሊቀመንበሩ ትእዛዝ ነው፣ ውሻዋ እስከ ረቡዕ ከቀበሌው ትውጣ፤ ካልወጣች ሥጋ ይጣልላታል። ምን ዓይነት ሥጋ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሲበዙ የሚጣለው ነው፤ የበላ ውሻ ጀርባው እንደ ቀስት ተገትሮ ነው የሚሞተው።

“ይሄ የሚያስለው ነቀርሳ አይደለም፤ እብጠት ነው፣ ወደ ሰው አይሻገርም” አልኩት።

“ነቀርሳ ነቀርሳ ነው” አለኝ። “ደግሞ እኔ አላልኩም፤ አንቺው ነሽ በአፍሽ ያልሽው።”

ከሄደ በኋላ ወደ እናቴ ዞሬ እንደ ልማዴ ያሰብኩትን ተናገርኩ። “ሳይሻል አይቀርም፣ እማዬ። መርዝ ከምትበላ አቶ ሎምባሞ ሲመለስ በመርፌ ያሳርፋት። እሷ እንደሆነች አትድንም፤ ነግሮኛል።”

እናቴ ተነሥታ በሩን ዘጋች። መስኮቱንም ዘጋች። ከዚያ በቤታችን ቋንቋ፣ በጣም በቀስታ፣ “እሷ አትሞትም” አለች። “ምልክት ጠይቄባታለሁ።”

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ እያለች ነው የነገረችኝ። የእንድርያስ ደብዳቤ የቀረ ጊዜ ሰባት ቀን ጾማ፣ እንደ ጌዴዎን ምልክት ጠይቃ ነበር። ጌዴዎን የበግ ጠጉር አውድማ ላይ ዘርግቶ፣ ምድሩ ደርቆ ጠጉሩ ብቻ በጤዛ ቢርስ አምናለሁ እንዳለው፣ እሷም “ልጄ በእጁ ያሳደጋት ይቺ ነፍስ እስካለች ድረስ ልጄም አለ ማለት ይሁን” አለች።

“እሺ ማለቱን በምን አወቅሽ?”

“በዚያው ሳምንት የጭነት መኪና ወጣባት። ከጎማው ሥር ተነሥታ መጣች። ረሳሽው?”

አልረሳሁትም። በደስታ የዘለልኩትም ትዝ ይለኛል። በየማለዳው “ቀነሰ?” የምትለኝ ስለ እብጠቱ አልነበረም ለካ። እኔም በየማለዳው “ጨምሯል” እያልኩ ስለ ልጇ ነበር የምመልስላት።



ሰኞ ማለዳ ወደ ካኮ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከበቆሎ ጆንያ በላይ ተሰቅዬ ሄድኩ። የምፈልገው ወረቀት ነበር፤ ማኅተም ያለበት፣ ይህ ነቀርሳ ያ ነቀርሳ አይደለም የሚል። የገበያ ቀን ስለሆነ ካኮ በሰው ተሞልቷል፤ የበና አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ መጥተዋል። አቶ ሎምባሞ ከገበያው ዳር፣ በእንጨት አጥር መካከል ከብቱን አንድ በአንድ እያሳለፈ ይወጋል። ፊቱ አቧራ ብቻ ነው። ጉዳዬን ስነግረው መርፌውን እንደያዘ ሳቀ።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለ። “እዚህ ምን በሽታ እየተከላከልኩ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ደስታ። ከብቱን በመንጋ የሚፈጀውን ደስታ ይሉታል። አንድ ጊዜ ለአንድ ሽማግሌ ‘ደስታ ገብቶብሃል’ ብለው መረቀኝ።”

እኔም ሳቅኩ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ግን ስለ ምልክቱ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። በሬውን አሳልፎ፣ አጥሩን ዘግቶ፣ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን በጥንቃቄ ጻፈ፤ “በትንፋሽም ሆነ በንክኪ ወደ ሰው የማይተላለፍ እብጠት” የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ማኅተሙን ከቦርሳው አወጣ።

“ይህ ከቀበሌው ያድናታል” አለ። “ከነቀርሳው ግን አያድናትም። ደረቷን ሰምቻለሁ። ወር አትሞላም፤ የመጨረሻዎቹ ቀኖች ደግሞ ከባድ ናቸው። እናትሽ ያንን ቁጭ ብላ ልታይ ነው?”

ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ቀበሌ ገባሁ። ሊቀመንበሩን ጓድ በዛብህ ነበር የምንለው። አንድ ቃል ተናግሮ ሦስቱን በዓይኑ የሚጨርስ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው ሰው ነው። ቁጭ በይ እንኳ አላለኝም። ወረቀቱን አነበበ። ደግሞ አነበበ።

“አንድ ሸማኔ ሞቶብኛል” አለ። “አንቺ ደግሞ ቦኖ ላይ ቆመሽ ነቀርሳ ትያለሽ። ለአንዲት ውሻ ካኮ ድረስ?”

አፌ ቀደመኝ። “ለውሻዋ አይደለም። እናቴ ውሻዋ ካለች እንድርያስ አለ ብላ ነው የምትኖረው።”

ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ አልተናገርኩም፤ ያን ያህል ሞኝ አልነበርኩም። ግን ያልኩት በቃ። ጓድ በዛብህ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ እጁ ብቻውን የሚሄድ ይመስል ወደ ታችኛው መሳቢያ ወረደ፤ አልከፈተውም፤ ቁልፉን አዞረና ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

“ደብዳቤ ከመጣላችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?”

“ዓመት ከሁለት ወር።”

“ውሻዋ ትቆይ” አለ። “ማንም አይነካትም። ለጥበቃው እነግረዋለሁ።”

ተነሥቶ እስከ በሩ ሸኘኝ። ይህ ሰው ማንንም አይሸኝም። ደፉ ላይ ቆሜ ዞርኩ። በዚያ ጊዜ መርዶ ከላይ ካልታዘዘ አይነገርም፣ የሞቱት ስም ዝርዝር ግን በየቀበሌው አለ እየተባለ ይወራ ነበር።

“ጓድ፣ የሚያውቁት ነገር አለ?”

“እኔ ምንም አላልኩሽም።”

“አላሉኝም። የሚያውቁትን ነው የጠየቅኩት።”

ወደ ግቢው አየ፤ ወደ ጥበቃው። “አበራሽ” አለኝ። ስሜን እንደሚያውቅም አላውቅም ነበር። “ሂጂ። እናትሽን ደግፊያት።”

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነው። “ትቆይ ብሏል” አልኳት። እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ ጉልበቴን አቀፈች። ሌላውን አልነገርኳትም። እኔ፣ ያረረ ዳቦ እንኳ የማላሳልፈው።

ጠርጥሪ በዚያ ቀን መብላት አቆመች።

ረቡዕ ጠዋት ትንፋሿ መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ ይመስል ነበር። ዓይኗ ተከፍቶ አያይም። እናቴ አጠገቧ ተንበርክካ ወተት በጣቷ ወደ አፏ ታስገባለች፤ ወተቱ በጎን ይፈስሳል፤ ደግሞ ታስገባለች። “ዋጪ፣ የኔ ልጅ፣ ዋጪ” ትላታለች። ማንን እንደምትለምን አውቃለሁ። አንዳንዴ ጠርጥሪ ትጮኻለች፤ የውሻ ጩኸት አይደለም። እናቴ ያኔ የውሻዋን ጆሮ ይዛ፣ “እንዳትሄጂ” ትላለች።

እናቴ እስካልለቀቀቻት ድረስ ማንም መርፌ እንደማያስነካት ገባኝ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን ልትቆይ ትችላለች። ከዚያም ትሞታለች፤ እናቴም ያንን ሞት እንደ መርዶ ታነበዋለች።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ብልህ ሆኜ አላውቅም።

“እማዬ፣” አልኳት፣ “ጌዴዎን እኮ ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀው።”

ቀና አለች።

“በሁለተኛው ቀን ገለበጠው። ጠጉሩ ደረቅ ይሁን፣ ምድሩ ይርጠብ አለ። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም።”

ማንበብ ስለማትችል መጽሐፉን አውጥቼ ከመሳፍንት አነበብኩላት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አንዴ ከጨረስኩ በኋላ እንደገና አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት።

“እንግዲያው ምን ልበል?” አለች።

“ገልብጪው። እሷን ውሰድ፣ እሱን ተው በይ።”

ከዚያ እጇን ጠርጥሪ ራስ ላይ ጭና ጸለየች። ስትጨርስ “ሰውየውን ጥሪው” አለችኝ። አቶ ሎምባሞ ማታውን ከካኮ ተመልሶ ነበር። መጣ፤ እናቴ የጠርጥሪን ራስ በጭኗ ላይ እንደያዘች ወጋት። የመጋዙ ድምፅ ቀስ እያለ ቀረ። ቤቱ ከወራት በኋላ ጸጥ አለ።

እኔ ቆሜ አለቀስኩ። እናቴ አላለቀሰችም። ፊቷ በርቶ ነበር። “አሁን እርግጥ ነው” አለች። “አሁን ይመጣል።”

በዚያች ደቂቃ ምን እንዳደረግኩ አወቅኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት አልፏል። ጦርነቱ አብቅቷል፤ ሠራዊቱ ተበትኗል፤ በእግሩም በመኪናም የተረፈው ወደየቀዬው እየገባ ነው። እናቴ በየቀኑ ከወይጦ በኩል መኪና የሚገባበት መንገድ ዳር ትቆማለች። ጓድ በዛብህ የት እንደገባ አይታወቅም። የቀበሌው ቢሮ ሲዘረፍ ሮጬ ሄጄ ነበር፤ መሳቢያው ተገንጥሎ ባዶውን ነው ያገኘሁት። እንግዲህ በእጄ ያለው ማስረጃ አንድ ሰው ቁልፍ ማዞሩ ነው። ሌላ የለኝም።

አንዳንዶቻችሁ ውሻዋን ከስቃይ ገላግለሻል፣ እናትሽንም አጽናንተሻል ትሉኝ ይሆናል። አቶ ሎምባሞም እንደዚያ ብሎኛል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በዚያ እብጠት በኩል፣ ከባቄላ ወደ እንቁላል፣ ከእንቁላል ወደ ጡጫ፣ እውነቱ ወደ እናቴ በእግሩ እየመጣ ነበር። በየማለዳው ትንሽ ትንሽ እየተነገራት ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ እኔ ዘጋሁበት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳይጠየቅ የተናገረው አፌ፣ መናገር በነበረበት ቀን ጥቅስ ጠቀሰ። ከዚያ ወዲህ ለታመመ ሰው ቤተሰብ “ምን ልበላቸው?” ብላችሁ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ቃሉን ምረጡ እላለሁ፤ ነቀርሳ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና። ግን መርጣችሁ ተናገሩ። ለማረጋጊያ ብላችሁ የሰውን ተስፋ አትገልብጡ፤ መልሶ የሚያቀናው አይገኝም።

ያለፈው ሐሙስ ነገርኳት። መንገድ ልትወጣ ነጠላዋን ስታደገድግ፣ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፦ መሳቢያውን፣ ቁልፉን፣ መሸኘቱን፣ ስሜን መጥራቱን። ጌዴዎንን ያመጣሁት ውሻዋን ለመገላገል እንጂ ከእግዚአብሔር ተነግሮኝ እንዳልሆነም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

“ሰውየው ሞቷል አለሽ?” አለችኝ።

“አላለኝም።”

“በአፉ?”

“አላለም፣ እማዬ።”

“እንግዲያው አላለም” አለች፤ በጎኔ አልፋ ወጣች።

ከዚያ በሩን ስቤ ተከተልኳት። መንገዱ ዳር ስደርስ ጠጋ አለችልኝ፤ አጠገቧ ቆምኩ። ከወይጦ በኩል አቧራ ሲነሣ እሷ ወደ መኪናው አየች፤ እኔ ወደ እሷ።